ውዱን ሃይብሪድ መጥበሻ ልግዛ ወይስ ልተው? ከመክፈልዎ በፊትና በኋላ የሚከተሉት መመሪያ

«የማር እንጀራ የመሰለ ቅርጽ የተቀረጸበት፣ አንዱ ብቻ ከ150 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት መጥበሻ ዋጋውን ያወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶችና ወዳጆች በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል፤ ትልልቅ ቅናሽ በሚወጣበት በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከማስረዳት በጽሑፍ ማስቀመጡ ስለሚሻል ይህን አዘጋጅቻለሁ። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ የራስዎን ምግብ፣ የራስዎን ምድጃና የራስዎን በጀት ይዘው እንዴት እንደሚወስኑ ደረጃ በደረጃ አሳይዎታለሁ።

ሃይብሪድ የሚባለው መጥበሻ በውስጠኛው ገጹ ላይ ሁለት ነገር ይዟል። ከፍ ከፍ ያሉት ባለ ስድስት ጎን መስመሮች ስቴንለስ ስቲል ናቸው፤ በመስመሮቹ መካከል ያሉት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ምግብ በማያጣብቅ ሽፋን ተሸፍነዋል። ጭልፋው የሚነካው በዋናነት ብረቱን ስለሆነ ሽፋኑ ቶሎ አይፋቅም፤ ሥጋውም ብረቱን እየነካ ይጠበሳል። በዚህ ዓይነት በስፋት የሚታወቀው ሄክስክላድ ሲሆን አኖሎን ኤክስም ከዚሁ ወገን ነው። ጉድለቱም ከዚሁ አሠራር ይመጣል። ብረቱ ምግብ ስለሚይዝ መጥበሻው እንደ ተራው ኖንስቲክ (ገጹ በሙሉ በማያጣብቅ ሽፋን የተሸፈነ መጥበሻ) አያንሸራትትም፤ ሽፋኑ የገጹን ከፊል ስለያዘ ደግሞ እንደ ሙሉ ስቴንለስ አድርጎ ሥጋ አያቀላም። የሚወስኑት እንግዲህ በሁለቱም በኩል የጎደለው ነገር ለእርስዎ ወጥ ቤት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ተራ ማግኔት፤ ከማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፈው ይበቃል።
• ሜትር ወይም ማስመሪያ፣ ከተቻለም የወጥ ቤት ሚዛን።
• ለማነጻጸሪያ የሚሆን አሁን የሚጠቀሙበት መጥበሻ።
• ስድስት እንቁላል፣ ግማሽ ኪሎ የጥብስ ሥጋ፣ ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ዘይትና ቅቤ።
• የእንጨት ወይም የሲሊኮን ማማሰያ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቤኪንግ ሶዳ።
• ወረቀትና እርሳስ።

በጨረር የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ካለዎት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነተኛው ሙቀት በታች ስለሚያነብ፣ በመጥበሻው ላይ ስስ ዘይት ከቀቡ በኋላ ይለኩ።

ደረጃ 1፦ የአንድ ሳምንት ምግብዎን ይመዝግቡ

በወረቀቱ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩና ለሰባት ቀን ያበሰሉትን ሁሉ በየቦታው ይጻፉ። በመጀመሪያው ዓምድ በድስት የሚሠራውን ወጥ፣ ሽሮና ሾርባ፣ በሁለተኛው እንቁላል፣ ዓሣ፣ ፍርፍርና ቂጣ የመሳሰሉትን፣ በሦስተኛው በኃይለኛ እሳት የሚጠበስ ሥጋ፣ በአራተኛው ያለ ዘይትና ያለ ውኃ የሚቆላውን ቡና፣ ቆሎና ቅመም ያስገቡ።

ይህ ደረጃ ከሁሉም በፊት የመጣው፣ ብዙ ሰው መጥበሻውን የሚገዛው ማስታወቂያው ላይ የተጠበሰውን ስቴክ አይቶ ስለሆነ ነው። መጥበሻው የሚጠቅመው ሁለተኛውን ዓምድና በከፊል ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ከሞላ የሚያስፈልግዎ ጥልቀት ያለውና ቂጡ ወፍራም የሆነ ስቴንለስ ድስት ነው፤ ዶሮ ወጥ በ30 ሳንቲሜትር መጥበሻ አይሠራም። ወጡ ብዙ ውኃ ስላለውና ለረጅም ጊዜ ስለሚበስል የማያጣብቅ ሽፋን የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው። በአራተኛው ዓምድ ያሉትን ደግሞ በምንም ዓይነት ኖንስቲክ ላይ መሥራት የለብዎትም፤ ምክንያቱን ከታች በማስጠንቀቂያው ያገኙታል።

እንጀራስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ሃይብሪድ መጥበሻ ለእንጀራ አይሆንም። ስፋቱ አይበቃም፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ እንጀራውን ለማውጣት ያስቸግራል፣ የተቀረጸው መስመርም ገጹ ልስልስ እንዳይሆን ያደርጋል። ለእንጀራ የሚበጀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ምጣዱን ያስቀድሙ።

ደረጃ 2፦ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ በስሙ ይወቁ

የማያጣብቅ ሽፋን በአሁኑ ጊዜ በገበያ ላይ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ቴፍሎን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ፒቲኤፍኢ ነው። ሁለተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ ስሙ የሸክላ ምጣድን ቢያስታውስም ሸክላ አይደለም፣ ከሲሊካ የተዘጋጀ ስስ ቅብ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ፒቲኤፍኢ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሞቅ ይመከራል፤ ሴራሚክ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሴራሚክ ሙቀት ቢችልም የማንሸራተት ባሕርዩን ከፒቲኤፍኢ ቀድሞ ያጣል። ከፍ ያሉት የብረት መስመሮች ሽፋኑን ከጭልፋ ጭረት ይጠብቁታል እንጂ ከሙቀት አይጠብቁትም፤ ስለዚህ «ብረቱ ስለሚጠብቀው ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚለውን አነጋገር በግማሹ ብቻ ይቀበሉት።

ሄክስክላድ ቀድሞ ፒቲኤፍኢ ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቴራቦንድ ወደሚባል ሴራሚክ ተሸጋግሯል። በመልክ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ከግለሰብ ወይም ከቆየ ክምችት የሚገዙ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ከሳጥኑ ላይ ያንብቡ፤ ሳጥን ከሌለው ፒቲኤፍኢ ነው ብለው ይያዙት፤ በዚህ ስህተት ጉዳት አይደርስብዎትም። በሚኒሶታ ለምትኖሩ ደግሞ፣ በግዛቲቱ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒኤፍኤኤስ (ፍሎሪን ያለባቸው ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ቤተሰብ) የተጨመረበት የማብሰያ ዕቃ መሸጥ ተከልክሏል። ፒቲኤፍኢም የዚህ ቤተሰብ አባል ስለሆነ በዚያ በሱቅ የምታገኙት አዲስ ኖንስቲክ ሴራሚክ መሆን አለበት።

በሳጥኑ ላይ «ከፒኤፍኦኤ ነፃ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ውሳኔዎን አያስቀይርዎት። ፒኤፍኦኤ ቀድሞ ሽፋኑን ለመሥራት ይጠቀሙበት የነበረ ኬሚካል ሲሆን በአሜሪካ ዋና ዋናዎቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ አስወግደውታል። ዛሬ ከ20 ዶላሩም መጥበሻ ላይ የሚጻፍ ነው፤ ሽፋኑ ፒቲኤፍኢ አይደለም ማለትም አይደለም።

ደረጃ 3፦ መጥበሻውን ከምድጃዎና ከክንድዎ ጋር ያገናኙ

ማግኔቱን ወደ ሱቅ ይዘው ይሂዱና ከመጥበሻው በታች ያስጠጉት። አጥብቆ ከያዘ በኢንዳክሽን ምድጃ (ዕቃውን በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ላይ ይሠራል። ባለ ሦስት ንብርብር ሃይብሪድ ከውስጥ ስቴንለስ፣ ከመካከል አሉሚኒየም፣ ከታች ማግኔት የሚስብ ስቴንለስ ስላለው በአብዛኛው ይይዛል። የመካከሉ አሉሚኒየም የገባው ሙቀትን ከስቴንለስ ከ10 እጥፍ በላይ አሻሽሎ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ያለ እርሱ ከእሳቱ በላይ ያለው ቦታ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ቀጥሎ ስፋቱን ይለኩ። 12 ኢንች የሚባለው መጥበሻ የሚለካው ከአፉ ሲሆን ቂጡ ከዚያ ይጠባል። የምድጃዎ ትልቁ ዓይን ከመጥበሻው ቂጥ ብዙ ካነሰ ዳር ዳሩ አይሞቅም። በመጨረሻ መጥበሻውን በአንድ እጅ ያንሱና ግማሽ ኪሎ ሥጋና መረቅ ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚሆን ያስቡ። በዕድሜ ለገፉ ወይም የእጅ አንጓ ሕመም ላለባቸው እናቶች ይህ ብቻውን ከሌላው መመዘኛ ሁሉ ሊቀድም ይችላል። አሥር ኢንቹ ለሁለትና ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ይቀላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ዋጋውን በዓመት ያካፍሉ

ስሌቱ ዋጋውን መጥበሻው በደህና ለሚያገለግልበት ዓመት ማካፈል ነው። ለምሳሌ 36 ዶላር የሚሸጥ ጥሩ ተራ ኖንስቲክ ሦስት ዓመት ካገለገለዎት በዓመት 12 ዶላር ወጣ ማለት ነው። 180 ዶላር የሚጠየቅበት ሃይብሪድ ከዚህ ጋር እኩል እንዲሆን 15 ዓመት እንደ አዲስ ማገልገል አለበት። በእነዚህ ቁጥሮች ምትክ በደጃፍዎ ያለውን ዋጋና የቀድሞ መጥበሻዎ በእርግጥ የቆየበትን ጊዜ ያስገቡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መጥበሻ የሚጥሉ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ፤ ቶሎ የሚያበላሸው ልማድ በአብዛኛው ኃይለኛ እሳት ስለሆነ ውዱንም በዚያው ልማድ ያበላሹታል።

ሁለተኛው ስሌት በዚሁ ገንዘብ ሌላ ምን ይገዛል የሚለው ነው። ለእንቁላልና ለዓሣ አንድ ተራ ኖንስቲክ፣ ለጥብስ ደግሞ አንድ የብረት (ካስት አይረን) መጥበሻ ቢገዙ ሁለቱ ተደምረው የሃይብሪዱን ግማሽ ያህል ዋጋ እንኳ ላይደርሱ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም በየሥራቸው ይበልጡታል። እኔ ለአብዛኛው ጠያቂ የምመክረው ይህንን ነው። ሃይብሪዱ የሚያሸንፈው ሁለት መጥበሻ ማስቀመጫ በሌለበት ጠባብ አፓርታማ፣ ወይም የብረት መጥበሻ እንዳይዝግ መንከባከብ በማይመቸው ቤት ነው። ሙሉውን ስብስብ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውኃ በሚፈላበትና ሩዝ በሚቀቀልበት ድስት ውስጥ የተቀረጸ መስመር ሥራ የለውም።

ደረጃ 5፦ የመመለሻ ውሉን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ

አንዳንድ ሻጭ የተጠቀሙበትን ዕቃ ይቀበላል፤ ሌላው ከሳጥኑ ያልወጣውን ብቻ ነው። ኮስትኮን የመሰሉ የአባልነት መደብሮች በዚህ በኩል ለጋስ በመሆን ይታወቃሉ። ያበሰሉበትን መጥበሻ የማይቀበል ሻጭ ዘንድ ከገዙ ከዚህ በታች ያለው ሙከራ ሁሉ ለትምህርት ብቻ ይሆናል። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ቀን አለኝ? ያበሰልኩበትን ትቀበላላችሁ? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለውንም በዝርዝር ያንብቡ። ዋስትና በተለመደው አጻጻፉ የፋብሪካ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ከመጠን በላይ በማሞቅ የመጣውንና በአገልግሎት የደከመውን ሽፋን ግን አይሸፍንም።

ማስጠንቀቂያ

• ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ጥለው አይሂዱ። በጥቂት ደቂቃ ከ260 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፒቲኤፍኢ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚለቀው ጭስ ሰውን ጉንፋን በሚመስል ትኩሳት ሊያሳምም ይችላል፤ ሳንባቸው እጅግ ስስ የሆነውን የቤት ወፎች ግን ይገድላል። ወፍ የሚያሳድጉ ከሆነ ፒቲኤፍኢ ባይገዙ ይሻላል።
• ቡና አይቁሉበት። ቡናው መንጣጣት የሚጀምረው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የመጥበሻው ገጽ ደግሞ ከፍሬው በላይ ይሞቃል፤ የሚያቀዘቅዘው ዘይትም ውኃም የለም። ቡና በብረት ምጣድ ወይም በራሱ መቁያ ይቆላ። ቆሎም እንዲሁ።
• የቅቤን ጭስ እንደ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ አይቁጠሩት። ያልተነጠረ ቅቤ 150 ዲግሪ ገደማ ላይ መጥቆር ስለሚጀምር ቀድሞ ይናገራል። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ግን የሚጨሰው ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ጭሱን ሲያዩ ወደ ገደቡ ተጠግተዋል፤ እሳቱን ወዲያው ይቀንሱ።
• የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስሱ። ንብርብሮቹ እኩል ስለማይኮማተሩ ቂጡ ይጣመማል፤ የተጣመመ ቂጥ በጠፍጣፋ ምድጃ ላይ አይቀመጥም።

ደረጃ 6፦ አጥበው ዘይት ያጠጡት

በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። በዝቅተኛ እሳት ሁለት ደቂቃ ያሙቁት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በወረቀት ፎጣ ገጹን ሁሉ ይቀቡት፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ ያቆዩትና አውርደው የተረፈውን ይጥረጉ። ይህ የሚደረገው ምግብ በቀላሉ የሚይዘው ብረቱ ስለሆነ ነው፤ ስስ የዘይት ሽፋን ሲያገኝ መያዙ ይቀንሳል። ይህን ደረጃ ዘለው በመጀመሪያው ቀን እንቁላል የሰበሩ ብዙዎች መጥበሻውን ያለ ጥፋቱ መልሰውታል።

ደረጃ 7፦ አራቱን ሙከራዎች ያድርጉ

እያንዳንዱን በአዲሱም በቀድሞውም መጥበሻ ይሥሩና ምን ያህል እንደያዘ፣ ምን ያህል እንደቀላ፣ ለማጠብ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፉ።

ሀ. እንቁላል። መጥበሻውን ከመካከለኛ በታች በሆነ እሳት ሁለት ደቂቃ ያሙቁት። ጠብታ ውኃ ሲጥሉበት ቺስ ብሎ ከተነነ ደርሷል፤ ጠብታው ሳይተን እንደ ዶቃ ከተንከባለለ በጣም ግሏል፣ ያቀዝቅዙት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው አንድ እንቁላል ይስበሩበት፤ ነጩ ሳይረጋ አይንኩት። ተራ አዲስ ኖንስቲክ እዚህ ላይ እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ይጠብቁ። ጥያቄው ሃይብሪዱ የሚያስይዘው እርስዎ የሚታገሡትን ያህል ነው ወይ የሚለው ነው።

ለ. ቂጣ። ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው ያለ ዘይት ያስፉት። ከአራቱ ሃይብሪዱ የሚቸገርበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም የቀጠነ ሊጥ ወደ ተቀረጹት መስመሮች ገብቶ ይረጋል። በዘይት ሲጋገር ደህና ይወጣል። ለጨጨብሳ ቂጣ በየሳምንቱ የሚጋግር ቤት ይህን ውጤት ከእንቁላሉ በላይ ይቁጠረው።

ሐ. ጥብስ። ሥጋውን በወረቀት ፎጣ ያድርቁ፣ ለሁለት ይክፈሉት፣ በመካከለኛ ወይም ጥቂት ከፍ ባለ እሳት በየተራ ይጥበሱት። ሥጋው በአንድ ጊዜ ከተሞላበት ውኃው ሳይተን ይጠራቀምና ይቀቀላል፤ ያን ጊዜ የሚመዝኑት የጨመሩትን ሥጋ ብዛት እንጂ መጥበሻውን አይደለም። ሃይብሪዱ ከተራ ኖንስቲክ የተሻለ ማቅላት አለበት። ልዩነቱን በዓይንዎና በምላስዎ ካላገኙት ለብረቱ የከፈሉት ገንዘብ አልሠራም።

መ. ቁሌት። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት ያቁላሉት፤ ሽንኩርቱ ውኃውን ስለሚለቅ ሙቀቱ ከቡና ጋር አይወዳደርም፣ ነገር ግን ውኃው ሲመጥ አጠገቡ ሆነው ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ ዘይትና በርበሬ ይጨምሩ። እዚህ የሚመዘነው እጥበቱ ነው፤ የሽንኩርቱ ስኳርና የበርበሬው ደቃቅ በመስመሮቹ መካከል ስለሚቀመጡ፣ በብሩሽ ካልሆነ በስፖንጅ ብቻ አይወጡም።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ

የመመለሻው ቀን ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ይዘው ይቀመጡ። በጥብሱና በእጥበቱ አዲሱ በግልጽ ከበለጠ፣ በእንቁላሉ ከታገሡት፣ የዓመቱ ስሌትም ካላስጨነቀዎት ያቆዩት። ሁለት ሙከራ ብቻ ቢያሸንፍና ሁለቱም ዘወትር የማይሠሯቸው ምግቦች ከሆኑ ይመልሱት። ገና ሳያበስሉበት በሳምንት ውስጥ እጅዎ ወደ ቀድሞው መጥበሻ ከሄደ ደግሞ ወረቀቱም አያስፈልግም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛው «ሽፋኑ ሞተ» ብሎ መጣል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ምግብ መያዝ ሲጀምር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በገጹ ላይ የጠጠረ የዘይት ቅሪት ነው፤ በቆርቆሮ የሚረጨው የምግብ ዘይት ይህን በተለይ ያመጣል፣ በውስጡ ያለው ሌሲቲን ስለሚጣበቅ። ውኃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሥር ደቂቃ ያፍሉበት፣ ሲቀዘቅዝ በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፣ እንደ ደረጃ 6 እንደገና ዘይት ያጠጡት። ከዚህ በኋላም ከያዘ ሽፋኑ በእርግጥ አልቋል።

ሁለተኛው የሽቦ መፈግፈጊያ ነው። የብረት ጭልፋ ይቻላል ስለተባለ ሽቦም ይቻላል የሚል ግምት አለ፤ ሽቦው ግን ጭልፋ ወደማይደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ገብቶ ሽፋኑን ይበላዋል። በቢላ መጥበሻው ውስጥ መቁረጥም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው የተረፈ ወጥን በመጥበሻው ውስጥ አሳድሮ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ጨውና ቲማቲም ሲያድሩ ስቴንለሱን ነጠብጣብ ያደርጉታል፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው መጥበሻውን ይጠቡ።

አራተኛው ወደ አዲስ አበባ ለስጦታ ሲወሰድ የሚፈጸም ነው። ሳጥኑን ከነመጥበሻው ይመዝኑት፣ ከ23 ኪሎው ሻንጣ ብዙ ይወስዳልና። ተቀባዩ ቤት ያለው የከሰል ወይም የቡታጋዝ ምድጃ መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ። የከሰል እሳት እንደ ጋዝ በመዘውር አይቀነስም፤ ስለዚህ በከሰል ለሚያበስል ሰው ኖንስቲክ ከመውሰድ ስቴንለስ ድስት ይሻላል። ለቡታጋዝ ከሆነ ግን ይውሰዱት፤ በሳጥኑ ውስጥ ግን የሙቀቱን ገደብና የቡናውን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ጽፈው ያስገቡ።